ከስልሳ መቶኛ በታች

ጡረታ ልወጣ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩኝ ጋሽ ዘለቀ የአባታቸውን ጠመንጃ በአሮጌ ነጠላ ጠቅልለው ወደ ወርክሾፓችን መጡ። ጋሽ ዘለቀ ሥራውን ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። ጠመንጃው ባለ ሁለት አፈሙዝ የአደን ጠመንጃ ነው። ሊያወርሱት ያሰቡት ለእህታቸው ልጅ ነበር፤ ልጁ ገበሬ ነው፣ ከርከሮ በቆሎውን እየገለበጠበት ተማርሯል። ጠመንጃው ምርመራውን ካለፈ ፈቃዱ ወደ እሱ ይዞራል። ካላለፈ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለተኛ አይተኮስበትም። የምመረምረው ደግሞ እኔ ነኝ።

ያቺን ቀን ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ብዕር አንስቼ ትቻለሁ። ከፊቷ ያለውን ሳልናገር እሷን ብቻ ብናገር ጨካኝ እመስላለሁ። ስለዚህ ከፊቷ ያለውን እናገራለሁ።

ወርክሾፑ ከሸጎሌ ወደ መሃል ከተማ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከከብት ገበያው ብዙም ሳይርቅ ነው። ፈቃድ ያላቸው የአደንና የእርሻ መጠበቂያ ጠመንጃዎች ይጠገኑበታል፣ ይመረመሩበታል። እኔ የገባሁት በጽዳት ነው። ሃያዎቹን አጋምሻለሁ፤ ከስሜ በቀር የምጽፈው አልነበረኝም። ቀን የብረት ብናኝ እጠርጋለሁ፣ ማታ ቀጨኔ በሚገኝ ትምህርት ቤት እማራለሁ። ዴስኩ ለልጆች የተሠራ ስለሆነ ጉልበቴ አይገባም ነበር፤ አንደኛ ክፍልን በጎን ተቀምጬ ነው የጨረስኩት። ስድስተኛ ክፍል ስደርስ አግብቼ ሴት ልጅ ወልጄ ነበር። አንዳንድ ማታ እሷን አዝዬ እገባለሁ። መጽሐፍ ሳገኝ አልመርጥም፤ የሬዲዮ ጥገና መመሪያም ቢሆን፣ የስንክሳር ቅዳጅም ቢሆን አነባለሁ።

አንድ ማታ የሒሳብ መምህራችን ነጥብ ያለበትን ቁጥር አስተማሩን። አሥረኛ፣ መቶኛ። በማግስቱ የልኬት ክፍሉን ጠረጴዛ ስወለውል፣ ሰዓት የምትመስለው መለኪያ ፊት ላይ ዜሮ ነጥብ ዜሮ አንድ ተጽፎ አየሁ። ስንት ዓመት አቧራዋን ሳራግፍላት የኖርኩት ነገር ያን ቀን አናገረችኝ። ጨርቁን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

"ምን ታያለሽ?" አሉኝ ከኋላዬ። የልኬት ክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ዘለቀ ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ከኪሳቸው ቆሎ የማይጠፋ ሰው።

"መቶኛ ነው የምትለካው?" አልኳቸው።

"የምን መቶኛ?"

"የሚሊሜትር።"

ከራሳቸው ላይ አንድ ፀጉር ነቀሉና ከመለኪያዋ እግር ሥር አስገቡት። መርፌዋ ፈቀቅ አለች።

"ስንት አለች?"

"ሰባት።"

"ሰባት ምን? ሰባት ዶሮ?"

"ሰባት መቶኛ።"

"ሽበት ስለሆነ ነው የወፈረው" አሉ። "ነገ ከምሳ በኋላ መጥረጊያሽን አስቀምጠሽ ነይ።"

የዚያን ጊዜው ሥራ አስኪያጅ ከጦር ሠራዊት የመጡ ሻለቃ ነበሩ። ልኬት ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ ሲያዩኝ ደነገጡ። "ዘለቀ፣ ሴት ልጅና ጠመንጃ ምን አገናኛቸው?" አሉ። ጋሽ ዘለቀ ከሥራቸው ቀና ሳይሉ፣ "ጌታዬ፣ ጠመንጃው አግቢኝ አላላትም። ለኪኝ ነው ያላት" ብለው መለሱ። ሻለቃው ሳቁ፤ በሳቁ መሃል ተቀመጥኩ። የሥራ መደቤ ከጽዳት ወደ ረዳት ቴክኒሽያን እስኪዞር የፈጀውን ጊዜና ወረቀት አላነሳውም። ደመወዙ ግን ያው እንደነበረ ልጠቁም።

ሰው ስለ ጠመንጃ ሲያወራ ስለ ድምፁና ስለ ርቀቱ ነው የሚያወራው። የግድግዳውን ነገር ማንም አያነሳም። የድሮ የአደን ጠመንጃ አፈሙዝ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ውፍረት የለውም። ጥይቱ በሚቀመጥበት በኋላው በኩል ወፍራም ነው፤ ወደ ፊት ሲሄድ እየሳሳ ይመጣል። ባለቤቱ የሚያየው ሁለቱን ጫፎች ነው፣ ጫፎቹ ደግሞ ወፍራም ይመስላሉ። የሳሳው ቦታ ብዙውን ጊዜ መሃል ላይ ነው፤ ልክ የተኳሹ ግራ እጅ ከሚይዝበት ትንሽ ወደ ፊት። ዝገት ከውስጥ ይበላዋል፣ ዝገቱን ለማጥፋት ሲፋቅ ደግሞ ፋቂው ይበላዋል። ጎድጓዳ ሲኖረው ከውስጥ ተገፍቶ ይነሳል፣ የተነሳው በሞረድ ይስተካከላል፣ እዚያች ቦታ ላይ ብረቱ ወረቀት ይሆናል። የእኛ ወርክሾፕ የመጨረሻ ልክ ስልሳ መቶኛ ነበር። በፊት በኩል፣ በየትኛውም ቦታ፣ ከስልሳ መቶኛ በታች የሆነ አፈሙዝ አያልፍም። ወደ ኋላ በቀረበ ቁጥር የሚፈለገው ውፍረት ይጨምራል። ልኩን የወሰኑት ጋሽ ዘለቀ ከሻለቃው ጋር ተመካክረው ነው። ሌላ ቦታ ሌላ ልክ እንዳለ በኋላ በንባብ ደርሼበታለሁ።

መጀመሪያ ሰሞን ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። "የውጩን ስፋት ለክቼ፣ የቀዳዳውን ስፋት ቀንሼ፣ ለሁለት ባካፍለው ውፍረቱን አላገኘውም?" አልኳቸው። ማታ የተማርኩትን ማካፈል ለማሳየት ቸኩዬ ነው።

"ቀዳዳው መሃል ላይ ነው ያለሽ ማነው?" አሉኝ።

ከመሳቢያቸው የተቆረጠ አሮጌ አፈሙዝ አውጥተው የተቆረጠበትን ፊት አሳዩኝ። በአንድ በኩል ብረቱ እንደ ጣት ጥፍር ስስ ነው፣ በሌላው በኩል የዚያ ሦስት እጥፍ። ቀዳዳው ወደ ጎን ሸሽቷል። "ያንቺ ሒሳብ ይህንን ጎበዝ ይለዋል" አሉ። "እጅ ግን የሚቆርጠው በአማካይ አይደለም።"

ስለዚህ ዙሪያውን ነበር የምንለካው። በቆመ ብረት ላይ የተጣበቀ፣ ጫፉ ድብልብል የሆነ ረጅም ዘንግ አለ። አፈሙዙ እንደ እጅጌ በዘንጉ ላይ ይገባል፤ ሰዓቷ ከላይ ትነካዋለች። በጣት ወርድ እየገፋን እናዞረዋለን። ጋሽ ዘለቀ ከመጀመራቸው በፊት እጃቸውን በሳሙና ይታጠባሉ። አፈሙዞቹን በሲባጎ አንጠልጥለው በጥፍራቸው መታ ያደርጉና ያዳምጣሉ። ሁለቱን አፈሙዞች ያያያዘው ብየዳ ደህና ከሆነ እንደ ደወል ይዘምራል፤ ከላላ እንደ ተሰነጠቀ ሸክላ ቋ ብሎ ይቀራል። ከዚያ አንድ ጊዜ ከፊት ወደ ኋላ፣ ሁለተኛ ጊዜ ከኋላ ወደ ፊት ይለካሉ። ሁለቱ ካልተስማሙ ሁለቱንም ይጥላሉ። በመሃል ማንም ቁጥር ጮክ ብሎ እንዲጠራ አይፈቅዱም፤ "ቁጥር የሰማ ጆሮ ያንኑ ቁጥር ይፈልጋል" ይላሉ። የቱንም ያህል ጥሩ ጠመንጃ ቢያጋጥማቸው ጥሩ ነው አይሉም። "እስካሁን አልጠላሁትም" ነው የሚሉት።

ከእሳቸው ጋር ስሠራ የገባኝ ሌላ ነገር አለ። በእኛ አገር ብዙ ጠመንጃ የሚያልቀው በመተኮስ አይደለም፤ በመወልወል ነው። ጠመንጃ የአባት ነው፣ የቤት ክብር ነው። ለንግሥ፣ ለሠርግ፣ ለለቅሶ ሲወጣ መብረቅ አለበት። ስለዚህ በየዓመቱ በተፈጨ የሸክላ ገልና በአመድ፣ ኋላ ኋላ ደግሞ በብርጭቆ ወረቀት ይፈተጋል። ጥቁሩ ቀለም ይሄዳል፣ ነጩ ብረት ይወጣል፣ ነጩ ብረት ይዝጋል፣ እንደገና ይፈተጋል። እንደ መስታወት የሚያበራ ጠመንጃ ይዞ የሚመጣ ሰው ደረቱን ነፍቶ ነው የሚገባው። እኛ ደግሞ ገና ብልጭታውን ስናይ እንፈራለን።

አሁን ወደ አቶ ሰይድ ልምጣ።

አቶ ሰይድ ከወሎ መጥቶ ሸጎሌ ላይ በከብት ንግድ የሚተዳደር ሰው ነበር። ተጫዋች ነው፤ በር ላይ ሲደርስ ነው ሳቁ የሚቀድመው። ጠመንጃው እንደ መስታወት ያበራ ነበር። ለካን። ከጋሽ ዘለቀ ጋር ሁለት ጊዜ፣ ከፊትም ከኋላም። የቀኙ አፈሙዝ መሃል ላይ አርባ አንድ መቶኛ።

"አቶ ሰይድ፣ ይህ ከእንግዲህ አይተኮስበትም" አልኩት።

"ወላሂ? በአባቴ ጠመንጃ?"

"ብረቱ አልቋል።"

"አቦ፣ ይህን የሚያህል ብረት! ምኑ ነው ያለቀው?" ብሎ በሁለት እጁ መዘነው። "በይ እሺ፣ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። እኔስ ከበሬ ጋር እንጂ ከማን ጋር እጣላለሁ?"

ያኔ አሠራራችን ይህ ነበር፦ እንዳይተኮስበት የሚል ወረቀት እንጽፋለን፣ ማኅተም እናደርጋለን፣ ባለቤቱ ይፈርማል፣ ጠመንጃውን መልሰን እንሰጠዋለን። ደንቡ ከዚያ ያለፈ አላዘዘንም። አቶ ሰይድ ቃሉን ጠብቆ ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ከዚያ የወንድሙ የሙሐመድ ሠርግ መጣ። ሙሐመድ ልብስ ሰፊ ነው፣ ቀጨኔ መውጫ ላይ ትንሽ ሱቅ ነበረው። ሙሽራው ራሱ፣ የአባቱ ጠመንጃ በሠርጉ ቀን ሳይጮህ አይውልም ብሎ ከግድግዳው አወረደው። ወረቀቱ በአቶ ሰይድ መሳቢያ ውስጥ ነበር፤ ጠመንጃው ሠርግ ቤት። አፈሙዙ በግራ እጁ ላይ ተቀደደ። ሁለት ጣቱን ወዲያው አጣ፣ ሦስተኛው ከዚያ በኋላ አልታጠፍ አለ። ልብስ ሰፊ ደግሞ ጨርቅ የሚመራው በግራ እጁ ነው።

ሆስፒታል ሄጄ አየሁት። አዲስ ሙሽራዋ አጠገቡ ተቀምጣለች። ምንም ክፉ አልተናገሩኝም፤ የቢሮውም ሰው ሁሉ "እናንተ ጽፋችኋል፣ ፈርሟል፣ ነጻ ናችሁ" አለን። እውነት ነው፣ ነጻ ነበርን። ማኅተማችን ከነቀለሙ አልደበዘዘም። አቶ ሰይድ አንድ ቀን ብቻ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ፤ ያን ቀን ሳቁ አልቀደመውም። "እታለም" አለኝ፣ "ለምን መልሳችሁ ሰጣችሁኝ?" መልስ ሳይጠብቅ ሄደ።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ከጋሽ ዘለቀ ጋር ልኬት ክፍሉ ውስጥ ቁጭ አልን። ያጽናኑኛል ብዬ ነበር። አላጽናኑኝም።

"የሚተኮሰው ወረቀት አይደለም" አሉ። "አስኩ፣ እኛ የዘጋነው ወረቀቱን ነው።"

"ታዲያ ጠመንጃውን እንዝጋዋ።"

"ማን ይፈቅድልሻል? ቁጥሩን ሲሰማ ሁሉም መከራከር ይጀምራል። ትንሽ ናት፣ አንዴ ብቻ ነው፣ እኔ ራሴ ነኝ የምይዘው…"

"እንግዲያው ቁጥሩን ከመስማቱ በፊት ይስማማ" አልኩ።

ቆሎው አፋቸው ሳይደርስ እጃቸው ቆመ። ከዚያ ሳይነግሩኝ ተነስተው ሻለቃው ቢሮ ገቡ።

ደንባችን እንዲህ ሆነ። ሰው ጠመንጃውን ሲያመጣ፣ ገና ዘንጉ ላይ ሳይገባ፣ በምስክር ፊት ይጠየቃል፦ ካላለፈ ይቆረጥ ወይስ ይዘጋ? መዝጋት ማለት ጥይት የሚቀመጥበትን ቦታ ከሥር በስቶ የብረት ካስማ መበየድ ነው። ከዚያ በኋላ ጥይት አይገባበትም፣ ግን ሙሉ ሆኖ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። አልስማማም ያለ ጠመንጃውን ይዞ መሄድ ይችላል፤ ሳንለካው። የተስማማ ግን ቃሉን ማንሳት አይችልም። ብዙ ሰው ተሳደበ። አንድ ሽማግሌ "እናንተ ጠመንጃ ቤት ሳይሆን ግርዛት ቤት ናችሁ" ብለው ሄዱ። እኛ ግን አልተነቃነቅንም። ደንቡን ባወጣን ጊዜ ጋሽ ዘለቀ አንድ ነገር ብቻ ጨመሩ፦ የለካው ሰው ራሱ ይዘጋዋል። ለሌላ አይሰጥም። "ፊቱን ማየት የማይችል፣ አይለካ" አሉ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት ረጅም ናቸው፣ በአጭሩ አልፋቸዋለሁ። አሥራ ሁለተኛን ጨረስኩ፤ ልጄ ሚኒስትሪ በወሰደችበት ዓመት ማለት ነው። በማታ ቴክኒክ ተማርኩ። ለሁለት ወቅት ያህል የእርሻ ጠባቂዎችን ጠመንጃ ልመረምር ወደ ባሌ ተላክሁ፤ በአህያ ጭኜ የወሰድኩት ዘንግ ወድቆ እንዳይጣመም ሌሊት አቅፌው ነው የተኛሁት። ጋሽ ዘለቀ ጡረታ ወጡ፣ ወንበራቸው ላይ እኔ ተቀመጥኩ። ብዙ አለቃ መጣ፣ ሄደ። የመጨረሻው ኢንጂነር ዳዊት ነው፤ በልጄ ዕድሜ የሚገኝ፣ ጨዋ ሰው። በድምፅ ሞገድ ውፍረት የሚለካ መሣሪያ ያስመጣው እሱ ነው። መጀመሪያ ፊቴን አጠቆርኩበት። በኋላ አብረን ተቀምጠን በተቆረጡ አፈሙዞች ላይ ፈተንነው፤ ከዘንጉ ጋር ተስማማ፤ ዘንጉ የማይደርስበት ሁለቱ አፈሙዞች በተጣበቁበት መስመር ላይ ደግሞ ይበልጣል። ከዚያ ወዲህ ሁለቱንም እንጠቀማለን። ብዙ ነገር አስተምሮኛል፣ እኔም ዙሪያውን ማዞርን አስተማርኩት።

እንግዲህ ጋሽ ዘለቀ የአባታቸውን ጠመንጃ ይዘው መጡ።

የዚያን ጠመንጃ ታሪክ አውቀዋለሁ። ጋሽ ዘለቀ ከቀጨኔ ብረት ሠሪዎች ወገን ናቸው። አባታቸው ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ። በዚያ ዘመን ሰው ማረሻውን ያሠራቸዋል እንጂ ማዕድ አብሯቸው አይቀርብም። ጠመንጃውን የሰጧቸው አንድ ትልቅ አዳኝ ናቸው፤ መሣሪያቸውን ለብዙ ዘመን ስለጠገኑላቸው። ለመድኃኔዓለም ንግሥ ያንን ጠመንጃ ይዘው ሲወጡ፣ አብሯቸው የማይበላው ሰው ከመቀመጫው ይነሳላቸው ነበር። ጋሽ ዘለቀ ይህንን ሲያወሩ ሁልጊዜ ቆመው ነው።

ነጠላውን ፈቱት። አበራ።

"ጋሽዬ፣ እንደ ማንም ሰው ልጠይቅዎት ነው" አልኳቸው። ኢንጂነር ዳዊት በምስክርነት ቆሟል።

"ጠይቂ እንጂ። ደንቡን ማን አወጣውና!"

"ካላለፈ ይቆረጥ ወይስ ይዘጋ?"

"ይዘጋ" አሉ እየሳቁ። "ግን ያልፋል። እኔ የያዝኩት ብረት ነው።"

እጄን ታጠብኩ። አንጠልጥዬ መታሁት፤ ዘመረ። ጋሽ ዘለቀ ራሳቸውን ነቀነቁ። የቀኙን አፈሙዝ ጨረስኩ፣ ስልሳ ስምንት ዝቅተኛው ነው። የግራውን ከፊት ወደ ኋላ ስወስድ፣ መሃል ላይ፣ በአንድ ጎን ብቻ፣ መርፌዋ ዝቅ አለች። ከኋላ ወደ ፊት መለስኩት። እዚያው ቦታ ላይ እንደገና ዝቅ አለች። ኢንጂነር ዳዊት በሞገዱ መሣሪያ ለካ። አንድ ሆነ።

"ስንት ነው?" አሉ።

"ሃምሳ አራት።"

"የት?"

አሳየኋቸው። አውራ ጣታቸውን አምጥተው ቦታው ላይ አሳረፉት። ጣቱ ልክ ቁጭ አለ፤ ብረቱ ለእሱ የተሠራ ይመስል። ጨርቁን ይዘው፣ አውራ ጣታቸውን ተጭነው፣ በየዓመቱ ለንግሥ የሚፈትጉት እዚያች ቦታ ላይ ነበር። ከሳቸው በፊት ደግሞ አባታቸው። ለረጅም ጊዜ ጣታቸውን አላነሱም።

"እኔ ነኝ የጨረስኩት" አሉ ቀስ ብለው።

ከዚያ ግን ቀና አሉና መከራከር ጀመሩ። ያንን መቼም አልረሳውም፤ ሰው ሁሉ የሚለውን ሁሉ አሉ።

"ስድስት መቶኛ ናት እኮ አስኩ። አንድ ፀጉር አትሞላም።"

"አትሞላም ጋሽዬ።"

"ልጁ በወር ስንቴ ቢተኩስ ነው? ከርከሮ ማስፈራሪያ ነው። በቀኙ ብቻ ይተኩስ። ቀኙ ደህና ነው።"

"ጨለማ ውስጥ፣ ከርከሮ ሲመጣበት፣ የትኛውን ቃታ እንደሳበ ያያል?"

"እንደገና ለኪው። በግራ በኩል እጅሽ ተጭኖት ይሆናል።"

እንደገና ለካሁት። ሃምሳ አራት።

"እኔ ልለካው።"

ወንበሩን ለቀቅኩላቸው። እጃቸውን በሳሙና ታጠቡ። ዘንጉ ላይ አስገቡት፣ አዞሩት፣ ግን እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ መርፌዋ እንደ ሣር ትወዛወዛለች። "ስልሳ አንድ!" አሉ። ወዲያው አፈሩ፤ ቁጥር ጮክ ብለው መጥራታቸው ነው ያሳፈራቸው መሰለኝ።

ኢንጂነር ዳዊት ወደ ጎን ሳበኝ። "እትዬ አስካለ፣ እኔ ልቀበለው። ውሳኔውን በእኔ ስም እናድርገው፤ ካሻሽ ሌላ ቀን ሌላ ሰው ይዝጋው። አንቺ የምትወጪው በቅርቡ ነው፣ ለምን ከሰውየው ጋር ትጣያለሽ?" ከልቡ ነው ያለው፤ ስለ እኔ አስቦ ነው። አመሰገንኩት። ግን የለካሁት እኔ ነኝ። ለሌላ ብሰጠው የሚከራከሩት ከዚያ ሰው ጋር ነው፣ ያ ሰው ደግሞ የሙሐመድን ግራ እጅ አላየም።

ተመልሼ ፊታቸው ቆምኩ።

"ጋሽዬ፣ እጅዎ ተንቀጠቀጠ። ስልሳ አንድ አይደለም።"

"ስልሳን የጻፍነው እኔና ሻለቃው ነን" አሉ። ድምፃቸው ከፍ አለ። "እግዜር አይደለም የጻፈው! ሃምሳ አምስት ብንል ኖሮስ?"

"ሃምሳ አምስት ብትሉም ሃምሳ አራት አያልፍም ነበር።"

"ቃሌን አንስቻለሁ። ስጪኝ።"

"አይነሳም ጋሽዬ። እንዳይነሳ ነው በፊት የምንጠይቀው።"

"ለእኔ ነው እንዲህ የምትይኝ? አስኩ፣ ለእኔ?"

በሌላው ሰው ላይ የሚሠራውን ደንብ ለእሳቸው ብዬ ብተወው፣ በሩ ላይ የቆመው የአቶ ሰይድ ጥያቄ አሁን በእህታቸው ልጅ ድምፅ ይመጣል። ያ ልጅ ግራ እጁን ይፈልገዋል፤ ማረሻውን የሚይዝበት ነው። ይህንን ሁሉ አልተናገርኩም። "ለእርስዎ ነው" አልኳቸው ብቻ።

ባርኔጣቸውን አደረጉ። ነጠላውን ጠረጴዛው ላይ ጥለው ወጡ። የግቢውን በር በኃይል ሲዘጉት ሰማሁ፤ ዘበኛው "ጋሼ፣ ምነው ተቆጡ?" ሲላቸው ሰማሁ። ከሸጎሌ የሚመጣ የበሬ መንጋ መንገዱን ዘግቶ ስለነበር ታክሲ የለም። በመስኮት አየኋቸው፤ ከብቶቹ እስኪያልፉ ግንቡን ተደግፈው ቆመዋል። ከብቶቹ ካለፉ በኋላ ሁለት ሚኒባስ መጣ፣ ሁለቱንም ሳይሳፈሩ አሳለፏቸው።

ከዚያ ተመለሱ። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"ልጁ ዘንድሮ በወንጭፍና በጩኸት ይጠብቃላ" አሉ፣ ማንንም ሳያዩ።

"ሌላ መሣሪያ እንዲያገኝ የምችለውን እጽፍለታለሁ።"

"ወረቀትሽን ተዪው።" ጠመንጃውን አዩት። "አንቺ ራስሽ ነሽ የምትዘጊው?"

"እኔ ራሴ።"

"ቶርኖ ክፍል ላሉት ጎረምሶች እንዳትሰጪብኝ።"

"ለማንም አልሰጥም።"

አፈሙዙን በሞርሳ፣ መንጋጋውን በቆዳ ባለበስኩት ብረት መያዣ፣ አሰርኩት። ከሥር፣ ጥይቱ የሚቀመጥበትን ቦታ ለክቼ በመርፌ ነጥብ ምልክት አደረግኩ። መብሻውን ትራፓን ሳስነሳ ጋሽ ዘለቀ ወደ መስኮቱ ዞረው ቆሙ። ኢንጂነር ዳዊት በሩን ቀስ አድርጎ ዘግቶ ወጣ። ብረቱ የድሮ ጥሩ ብረት ነው፣ ጠንክሮ ያዘኝ። መሰርሰሪያው ጥቂት ገባና ድምፁ ተለወጠ፤ ማፏጨት ጀመረ፣ ቀጭን ጭስ ወጣ። እኔ ግን አላቆምኩም።

"ዘይት ጨምሪበት" አሉ ሳይዞሩ። "ፍጥነቱንም ቀንሺ። ብረት እያቃጠልሽ ነው።"

ዘይት ጨመርኩ። ፍጥነቱን ቀነስኩ። ፉጨቱ ጠፋ፣ ብረቱም እንደ ወንፊት ዱቄት ለስላሳ ሆኖ ይወርድ ጀመር። ያን ጊዜ ወንበራቸውን እየጎተቱ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡና፣ አፈሙዙ እንዳይርገበገብ በሁለት እጃቸው ያዙልኝ።